አምስተኛው አልጋ

ሰፈሩ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚጠራው ሰው የለም። ጋሽ መውጫ ይሉታል። ፊት ለፊት ሲያገኙት «እንደምን አደሩ» ብለው ያልፉና ገና ሁለት እርምጃ ሳይርቁ «መውጫው መጣ፣ በሩን ልቀቁ» ይባባላሉ። እሱም ይሰማል። ጆሮው አላረጀም፤ ያረጀው ጉልበቱና ትዕግሥቱ ነው። ትዕግሥትማ ድሮም አልነበረውም።

ስሙ የወጣለት በሥራው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት እሳት አደጋ ውስጥ ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እግሩ በረገጠበት ቤት ሁሉ ወንበር ከመሳቡ በፊት «መውጫው የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ይኸው፣ የገቡበት» ሲሉት «እሱማ መግቢያ ነው፤ እኔ የጠየቅኩት መውጫውን ነው» ይላል። አንድ ሰርግ ላይ ከሙሽሮቹ ጀርባ የቆመው የአበባ መደርደሪያ የኋላውን በር ዘግቷል ብሎ ኬኩ ሳይቆረስ ብቻውን ገፍቶ አንስቶታል። ክሊኒክ ሄዶ የደም ግፊቱን ሳይለካ የነርሷን ጠረጴዛ ከበር ላይ አስነስቷል። የሰፈሩ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ደግሞ ሊቀመንበሩን «አንተ ራስህ እንቅፋት ነህ፣ ተነስ» አለውና ከዚያ ወዲያ ለስብሰባ የሚጠራው ጠፋ። እሱም ግልግል ነው አለ። ሰው ይወዳል የሚል ሐሜት በጋሽ መውጫ ላይ ማንም አስወርቶበት አያውቅም።

ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሚኖረው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻውን ነው። አልጋው በሩን ያያል። ጫማዎቹ ክራቸው ላልቶ፣ አፍንጫቸው ወደ በሩ ዞሮ ከራስጌው አጠገብ ይቀመጣሉ። የእጅ ባትሪው ቀኝ እጁ በሚደርስበት ግድግዳ ላይ በመንጠቆ ይንጠለጠላል፤ ቁልፉ ሚስማር ላይ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ከአልጋው ተነስቶ የግቢው በር ላይ ለመድረስ አሥራ አንድ መቁጠር ይበቃዋል። በየወሩ መጀመሪያ ይለማመዳል። ጎረቤት ሽማግሌውን በፒጃማ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ባትሪ ጨብጦ ግቢው ውስጥ ሲያየው «አበቃለት» ብሎ አንገቱን ይነቀንቃል። ያበቃላችሁ እናንተ፣ ይላል እሱ በሆዱ። ሰውን ቀድሞ የሚገድለው እሳቱ ሳይሆን ጭሱ እንደሆነ፣ ጭስ ውስጥ ደግሞ ዓይን ዋጋ እንደሌለው፣ መንገዱን ማወቅ ያለበት እጅ እንደሆነ ስንት ጊዜ ነግሯቸዋል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውታል።

የምትጠይቀው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ታናሽ እህቱ። በየቅዳሜው ምሳ ቋጥራ ትመጣለች። እየበላ ይቆጣታል፣ እየሰማች ቤቱን ታስተካክላለች። አንዱ ጉልበቷ ስለማይታጠፍ ስትራመድ ትንሽ ወደ ግራ ታዘነብላለች። በዓለም ላይ ቁጣውን ከቁጣ የማትቆጥር እሷ ብቻ ነበረች። ጋሽ መውጫም ይህን ያውቅ ነበር፣ አንድም ቀን ግን በአፉ ብሎት አያውቅም።

ባሏን ግን ዓይኑን ማየት አይፈልግም። ባሏ አናጺ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የአናጺው ሱቅ ተቃጥሎ እሳቱን ለማጥፋት የገቡት ጋሽ መውጫና አንድ የሥራ ጓደኛው ነበሩ። ጓደኛው በኋላ በር ሊወጣ ቢሞክር በሩ ላይ ጣውላ ተደርድሮበት አገኘው። ጋሽ መውጫ በጫማው ይዞ ጎትቶ አወጣው። ሰውየው ከእሳቱ ዳነ፣ ሳንባው ግን አልዳነም፤ አንድ ፎቅ ደረጃ መውጣት እንዳቃተው ኖሮ ሞተ። ሪፖርቱን የጻፈው ጋሽ መውጫ ነው። «በባለቤቱ ቸልተኝነት» ብሎ ጻፈ። በዚህች ሁለት ቃል አናጺው የሥራ ፈቃዱን ተነጥቆ ስምንት ዓመት በሰው ሱቅ ተቀጥሮ ሠራ። አናጺው «ጣውላውን እዚያ ያስቀመጥኩት ለአንድ ቀን ነበር» ይላል። ጋሽ መውጫ «እሳቱም የፈለገው አንድ ቀን ነበር» ይላል። እንዲህ እንደተባባሉ ሆድና ጀርባ ሆነው ቀሩ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ እህቱ ሳህኑን እያነሳች «ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው፣ ብቻ እንዳትቆጣ» አለችው።

«ተቆጥቻለሁ። ንገሪኝ።»

ነገረችው። ባሏ የፋብሪካ ሠራተኛ ሲያመላልስ የኖረ አሮጌ መለስተኛ አውቶብስ ገዝቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ሰዓት ውጪ ሲለፋበት ከርሞ ቤት አድርጎታል። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ የውሃ ታንከር አለው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሷና ባሏ፣ ልጃቸውና የልጃቸው ልጅ እዚያው እየበሉ፣ እዚያው እየተኙ እስከ ባሕሩ ድረስ ሊሄዱ ነው። አንድ ወር።

«አውቶብስ ውስጥ ምድጃ» አለ ጋሽ መውጫ።

«መጥተህ እይልኝ። አንተ ሳታየው ውስጡ እንቅልፍ አይወስደኝም።» ይህን ስትል ፈገግ አለች፤ እሱ ፈገግታዋን አላየም፣ ጫማውን እየፈለገ ነበር።

አውቶብሱ አናጺው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ጋሽ መውጫ በፊት ለፊቱ በር ሲገባ የቫርኒሽ ሽታ ተቀበለው። በበሩ ግራ የጋዝ ምድጃው፣ ፊት ለፊቱ የዕቃ ማጠቢያው፤ ቀጥሎ በግራ በኩል የባልና ሚስቱ አልጋ፣ በቀኝ ደግሞ ለልጅቷና ለእናቷ አንዱ ባንዱ ላይ የተሠሩ ሁለት አልጋዎች። ከሁሉም ኋላ፣ ከዳር እዳር፣ አምስተኛ አልጋ። የኮምፔርሳቶው ጣውላ ጠርዝ ሁሉ ተላግቶ እጅ ላይ ይንሸራተታል፣ መሳቢያዎቹ በጣት ይከፈታሉ። ሥራው ያምራል። ጋሽ መውጫን ያናደደውም ይኸው ነው።

«ጋዙ የት ነው?»

«ከአልጋችን ሥር» አለ አናጺው። «ቦታ እንዳይፈጅ።»

«ቦታ እንዳይፈጅ! እና እህቴን ይፍጃት? ውጪ በሳጥን አድርገው፣ ሳጥኑንም ከታች ብሳው፣ ቢተነፍስ መሬት ላይ እንዲበተን። ይሄ ምድጃ ላይ ያለው መጋረጃስ?»

«እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለች እህቱ።

«ቅደጂው። እሳት ማጥፊያ አላችሁ?»

አናጺው ኮራ ብሎ ወደ ኋላ ሄደና የመጨረሻውን ቁምሳጥን ከፍቶ አዲስ ቀይ እሳት ማጥፊያ አሳየው።

«በጣም ጥሩ። እሳቱ በሩ ጋ ይነሳል፣ አንተ ማጥፊያህን ፍለጋ ወደ ኋላ ትሮጣለህ፣ ከዚያ እሱን ታቅፈህ ጥግ ላይ ትቃጠላለህ። በሩ ጋ ስቀለው። ጭስ ሲያገኝ የሚጮኸው መሣሪያስ?»

«ነበረ። ሽንኩርት በጠበስን ቁጥር እየጮኸ ሲያደነቁረን ባትሪ ድንጋዩን አወጣሁት።»

ጋሽ መውጫ ባዶውን መሣሪያ በጣቱ መታ መታ አደረገው።

ከዚያ አምስተኛው አልጋ ጋ ደረሰ። አውቶብሱ በፊት ሠራተኛ ሲያመላልስ የኋላው ሰፊ መስታወት የአደጋ ጊዜ መውጫ ነበር፤ ከታች በኩል ያለውን ቀይ እጀታ ሲያዞሩት መስታወቱ ወደ ውጪ ይከፈታል። አሁን ግን አናጺው አልጋውን መስታወቱ ላይ አስጠግቶ፣ ራስጌውን እንደ ቁምሳጥን ከፍ አድርጎ ሠርቶት እጀታው ከጀርባው ተሸፍኗል። እጅ የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ ራስጌው ላይ በስቷል።

«ይሄ አልጋ የማን ነው?» አለ ጋሽ መውጫ። ድምፁ ወረደ። ሲቆጣ ይጮኻል፤ ድምፁ ሲወርድ ግን ከቁጣ አልፏል ማለት ነው።

ባልና ሚስቱ ተያዩ።

«የእንግዳ» አለ አናጺው ፊቱን አዙሮ።

ጋሽ መውጫ እንግዳው ማን እንደሆነ ወዲያው ገባው፣ ማለትም የገባው መሰለው። አናጺው አንድ ቀለም ቀቢ ጓደኛ አለው፤ ሲጋራ ከከንፈሩ፣ ጠርሙስ ከእጁ የማይለይ።

«እህቴ በምትወጣበት መስኮት ላይ አጫሽ ልታስተኛበት ነው? በሩ ጋ እሳት ቢነሳ በየት ልትወጣ ነው? በአንተ ጢም?»

«ወንድም ጋሼ፣ እሱኮ...» አለች እህቱ።

«አንቺ ዝም በይ! ስለ እሳት ነው የማወራው!»

አናጺው «ተይው» አላት። ከዚያ ወደ ጋሽ መውጫ ዞሮ «ጋዙን አወጣለሁ። ማጥፊያውን በሩ ጋ እሰቅላለሁ። ይሄ አልጋ ግን አይነካም። መስኮቱ እንደሆነ በቀዳዳው እጅ ገብቶ ይከፈታል፣ ሞክሬዋለሁ» አለ።

«ዓይንህን ገልጠህ ነዋ የሞከርከው።»

«ጨፍኜም አወጣቸዋለሁ!»

«ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት። አራታችሁም ዓይናችሁ ታስሮ፣ ከየአልጋችሁ ተነስታችሁ። ሠላሳ እስክቆጥር።»

«ከወጣን ዳግመኛ ደጄን አትረግጥም።»

«ካልወጣችሁ አልጋው ይፈርሳል።»

እህቱ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ሁለቱም እሷን አላዩዋትም።

ሐሙስ ዕለት ወሬው ተሰምቶ ጎረቤት በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አናጺው፣ እህቱ፣ የእህቱ ልጅና ሚጢጢ የሚሏት የስምንት ዓመት ልጇ አውቶብሱ ውስጥ ገብተው በየአልጋቸው ተጋደሙ። ጋሽ መውጫ ዓይናቸውን በየሻርፓቸው አንድ በአንድ አሰረ። የአናጺውን ሲያስር ጠበቅ አደረገው።

«እሳቱ ምድጃው ላይ ነው» አለ። «በሩ የለም። በሩን እርሱት።»

ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋ። ከዚያ ማንም ሳያዘው፣ ማንንም ሳያማክር፣ አናጺው ሌባ ፈርቶ ከውጪ ያበጀውን የብረት መቀርቀሪያ ገፋ አድርጎ ቆለፈው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ልምምድ አሠርቷል፤ ሰው ውስጡ እያለ በር ቆልፎ ግን አያውቅም። አናጺው እንዳያጭበረብር ነው አለ ለራሱ። ወደ ኋላ ዞሮ መስታወቱ ፊት ቆመ።

«አንድ!» አለ። «ሁለት!»

ስምንት ሲል ውስጥ የተንኳኳ ነገር ተሰማ፤ የሚጢጢ እናት ከላይኛው አልጋ ስትወርድ ራሷን መታችው። አሥራ አራት ሲል የአናጺው እጅ መስታወቱ ላይ ታየ፤ ራስጌውን ይዳስሳል፣ ቀዳዳውን ይፈልጋል፣ ከቀዳዳው አንድ ስንዝር እልፍ ብሎ ግድግዳውን ይቧጥጣል። ዕቃውን ሁሉ በገዛ እጁ የሠራ ሰው የገዛ ቀዳዳውን አጣው። ሃያ ሦስት ሲል እህቱ «ጉልበቴ! ጉልበቴ ተያዘ!» ስትል ተሰማ፤ በአልጋዋና በተደራረቡት አልጋዎች ምሰሶ መካከል ወድቃለች። ሚጢጢ ማልቀስ ጀመረች። አጥሩ ላይ የተንጠለጠለው ጎረቤት መሳቁን ተወ።

«ሠላሳ!» አለ ጋሽ መውጫ።

እዚህ ላይ መቆም ነበረበት። አልቋል፣ አሸንፏል። ውስጥ ያሉት ሻርፓቸውን ከዓይናቸው አውልቀው በሩን ሊከፍቱ ሄዱ። በሩ እምቢ አለ። ያን ጊዜ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ተቆልፏል! እማዬ፣ ተቆልፏል!»

«ሠላሳ አንድ!»

«ወንድም ጋሼ!» አለች እህቱ ከወለሉ ላይ። «ይበቃል፣ ክፈተው! ልጅቷ ፈራች!»

«ሠላሳ ሁለት!»

ለምን አላቆመም? ሰው ሲጠይቀው እውነተኛ እሳት በልመና አይቆምም ይል ነበር፤ ያውም ልክ ነው። ነገር ግን ልክ ያልሆነው ነገር በዚያ ሰዓት ደስ ብሎት ነበር። የአናጺው ፊት መስታወቱ ላይ ተለጥፎ፣ ላብ አጥምቆት፣ አፉ «ክፈት» እያለ ሲከፈትና ሲዘጋ እያየ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያረረ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። የጓደኛውን ጫማ አሰበ። ስለዚህ አርባን ቆጠረ፣ ሃምሳን ቆጠረ፣ እያንዳንዱን ቁጥር ለአጥሩ ሁሉ እያሰማ ቆጠረ። እህቱ ከአርባ በኋላ መጥራቷን ተወች።

«ስልሳ» ብሎ ዞረና መቀርቀሪያውን ሳበው። «ሞታችኋል። አራታችሁም።»

ሚጢጢ ተስፈንጥራ ወጥታ ግቢው ጥግ ደርሳ ቆመች። እናቷ ተከተለቻት። እህቱ በመጨረሻ በባሏ ተደግፋ ወረደች፤ ጉልበቷ ደምቷል፣ ሻርፑ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ሠላሳ አንድ ላይ ጠርቼህ ነበር» አለችው።

«እሳት ቢሆንኮ...»

«እሳት አልነበረም። አንተ ነበርክ።»

አልጮኸችም። እያነከሰች ቤት ገባች። አናጺው ካቻቢቴውን አንስቶ ወደ አውቶብሱ ተመለሰ። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ይህን ጠላቱ እንኳ ሊክደው አይችልም። ጋሽ መውጫ መንገድ ሳይደርስ ብሎን ሲፈታ ሰማ። ያሸነፈ ሰው አረማመድ ለመራመድ ሞከረ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የእጅ ጋሪ በሩ ላይ ቆመ። የሚገፋው አናጺው ራሱ ነው። የፈረሰውን አልጋ ጣውላና ራስጌውን አንድ በአንድ እያነሳ ደጃፉ ላይ ወረወረው።

«ዕቃህን ውሰድ» አለው።

«የምን ዕቃዬን?»

«የራስህን አልጋ።»

ጋሽ መውጫ ራስጌውን አየ። ከታች አንድ ጥንድ ትልቅ ጫማ ብቻ የምታስቀምጥ መደርደሪያ አለች፤ አፍንጫው ወደ በር እንዲዞር ተደርጋ በሰያፍ ተሠርታለች። በስተቀኝ መንጠቆ አለ፤ ባትሪ የሚንጠለጠልበት። ከመንጠቆው በላይ አንዲት ሚስማር፤ ለቁልፍ። እጁን ሰደደ። ሁሉም እጁ በለመደው ቦታ ላይ ነበር።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳህን ይዛ ስትመጣ በስንዝሯ እየለካች ነው የተመለሰችው» አለ አናጺው። «ወንድሜ ያለዚህ እንቅልፍ አይወስደውም ብላ። ከጫማው እስከ ባትሪው ይህን ያህል፣ ከባትሪው እስከ ቁልፉ ይህን ያህል። አንድ ቀን ጫማዬን አትንኪ ብለህ ጮኸህባት እያለቀሰች ነው የመጣችው። እሱንም ለክታው ነበር።»

ጋሽ መውጫ ያን ቀን አስታወሰው። በደንብ ነው የጮኸባት።

«ለእኔ ከሆነ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ልትነግርህ አፏን ከፍታ ነበር። ዝም በይ አልካት።» አናጺው ጋሪውን አዞረ። «በእኔ ቢሆን ጣሪያው ላይ ከትርፍ ጎማው ጋር ነበር የማስርህ። እሷ ናት አልጋ ያለችው። እኔም ሞኙ ሠራሁልህ፣ ያውም አሳምሬ።»

ሄደ። ጋሽ መውጫ ጣውላውን ወደ ውስጥ አስገባው፤ በሩ ላይ መተው አይችልም፣ መውጫ ይዘጋል። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቶ በማስመሪያ አውቶብሱን ሣለው። እዚህ በሩ፣ እዚህ ምድጃው፣ እዚህ እህቱ፣ እዚህ ሚጢጢና እናቷ። ራሱን የሚያስተኛበት ቦታ ፈለገ። ወለሉ ላይ ቢተኛ እህቱ በዚያ በማይታጠፍ ጉልበቷ እሱን ተራምዳ ልትወጣ ነው። የፊተኛው ወንበር ላይ ቢተኛ ከምድጃው አጠገብ ነው፣ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው፤ ይሄስ ግድ የለም፣ ግን እሱን ላውጣ የሚል ሰው ወደ እሳቱ ይመለሳል። መስኮቱ ጋ ደግሞ በገዛ አፉ አስፈርሶታል። ሦስት ወረቀት አበላሸ። በሦስቱም ላይ አምስተኛው ሰው እንቅፋት ነው። ሊቀመንበሩን፣ ነርሷን፣ ሙሽሮቹን ሲያስነሳ የኖረ ሰው ራሱን ከመንገድ አስነሳ። በሕይወቱ ብዙ ሰው ጠልቷል፤ ያን ቀን ግን ራሱን ጠላ፤ ከአናጺው አብልጦ።

የሚሄዱበት ሰኞ ጠዋት በኪሱ አዲስ ባትሪ ድንጋይ ይዞ ሄደ፤ ለዚያ ለሚጮኸው መሣሪያ። እህቱ ዕቃ እየጫነች ነበር። «ደህና አደርክ» አለችው። ወንድም ጋሼ አላለችም።

ሳይጋብዙት ገባ፤ ማንም አልከለከለውም። ጋዙ ውጪ በተበሳ ሳጥን ውስጥ ነው። መጋረጃው የለም። ማጥፊያው በሩ ጋ ተሰቅሏል። ድንጋዩን ከትቶ ቁልፉን ሲጫነው መሣሪያው እሪ አለ። ወደ ኋላ ሄደ። መስታወቱ ገላጣ ነው፣ ቀዩ እጀታ ከሩቅ ይታያል። ከሥሩ አናጺው ለእህቱ ጉልበት የምትሆን ዝቅ ያለች ባለ ስፖንጅ መርገጫ ሠርቷል። ከየአልጋው ራስጌ ተነስቶ በግድግዳው ላይ እስከ እጀታው የሚሄድ ገመድ ዘርግቷል፤ እጀታው ጋ ሲቃረብ ገመዱ ሁለት ቋጠሮ አለው፣ ዓይኑ የማያይ ሰው በእጁ እንዲያውቀው። ይህን ማንም አላስተማረውም። ጋሽ መውጫ ስህተት ፈለገ። ጎንበስ ብሎ ፈለገ፣ በጣቱ እየዳሰሰ ፈለገ። አጣ። ስህተት ማጣት እንዲህ እንደሚያስከፋ አያውቅም ነበር።

ሲወርድ በሩን በውጪ በኩል አየው። መቀርቀሪያው ተነቅሏል። በቦታው አራት የተደፈኑ ቀዳዳዎች አሉ፤ ድፍኑ ገና አልደረቀም።

«አንዴ እንሞክረው?» አለ።

ሚጢጢ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች። «ጋሽዬ እዚያ አጥሩ ጋ ይቁም» አለች። «በሩ ጋ አይምጣ።»

ማንም አልተቆጣትም። ጋሽ መውጫ አጥሩ ጋ ሄዶ ቆመ፤ ከዚያ ሆኖ ቆጠረ፤ በዝግታ፣ ሳይጮህ። መጀመሪያ የወጣችው ሚጢጢ ናት፤ ዓይኗ እንደታሰረ በገመዱ መጥታ እጀታውን አዞረችው። እናቷ፣ እህቱ፣ በመጨረሻ አናጺው። ሃያ ስድስት።

«ሌላ የቀረህ አለ?» አለ አናጺው ሻርፑን እየፈታ።

«የለም።»

እህቱ አጠገቡ መጣች። አፉን ሊከፍት ሞከረ። ይቅርታ የሚባለውን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳለው አያስታውስም፤ ምላሱ ላይ ቦታ አጣለት። «አልጋው...» አለ። «ያ አልጋ...»

«ቦታ የለም፣ ወንድም ጋሼ» አለችው። «መተላለፊያ ላይ ሰው አይተኛም። አንተው ነህ ያስተማርከን።»

በክፋት አልነበረም የተናገረችው። በክፋት ብትናገረው ይሻለው ነበር፤ ለክፋት መልስ አያጣም። ገባች፣ በሩ ተዘጋ፣ አውቶብሱ እያቃሰተ ከግቢው ወጣ።

መንገዱን ይዞ ጥቂት እንደሄደ የኋላው መስታወት ወለል ብሎ ተከፈተና የሚጢጢ ክንድ ወጣ፤ ታውለበልባለች።

«ዝጊው!» ብሎ ጮኸ ጋሽ መውጫ። «መኪና እየሄደ መስኮት አይከፈትም! ዝጊ አልኩሽ፣ አንቺ ባለጌ!»

ዘጋችው። ዓይኗን ከእሱ ሳታነሳ፣ እጀታውን ሳታይ፣ በአንድ እጇ ዘጋችው። አውቶብሱ ታጠፈ። ጋሽ መውጫ አጥሩ ጋ፣ ቁም በተባለበት ቦታ ቆሞ ቀረ።